ቀዩ ይበራ ነበር?

በአገራችን አሮጌ መኪና ያሳደሰ ሰው መጀመሪያ የሚያሳይህ ቀለሙን ነው። ቀጥሎ ወንበሩን፣ ከዚያ ቸርኬውን፣ ጊዜ ካለህ ደግሞ ኮፈኑን ከፍቶ ተወልውሎ የሚያብረቀርቀውን ሞተር። ዳሽቦርዱ ላይ ስትደርሱ ግን "እሱን ተወው፣ ድሮም አይሠራም" ብሎ በሩን ይዘጋል። እኔን ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ቀለም ማንም ይቀባል። አሮጌ መኪና ታደሰ የሚባለው የነዳጁ ጌጅ እውነቱን መናገር ሲጀምር ነው ባይ ነኝ። በዚህ አቋሜ የተነሳ አንድ የጥር ማታ ነጭ በነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ላንድሮቨር ሲገፉ አምሽተዋል። አጎቴም ይህን ጉዳይ በሠርግም በለቅሶም እያነሱ ይጥሉኛል።

ለነገሩ ሹፌሮቻችን ያለ ጌጅ መኖርን ከለመዱ ቆይተዋል። ሞተሩ መፍላቱን በሽታው፣ ፍጥነቱን በማርሹ ጩኸት፣ የዘይቱን ማነስ በሞተሩ ማጉረምረም ያውቁታል። አጎቴ ደግሞ የነዳጁን ልክ የሚያውቁት በቀርከሃ ነበር። የእንጅባራ አካባቢ ቀርከሃ አይቸግረውም። አንዷን ስንጥቅ አቅጥነው፣ ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ በካራ ሦስት ቦታ ጫር ጫር አድርገው ምልክት አበጅተውላታል። ከታች ያለው ምልክት "አትውጣ"፣ መካከለኛው "ግምጃ ቤት ከተማ ደርሰህ ተመለስ"፣ የላይኛው "እንጅባራ" ነው። ሊትር የሚባል ነገር አያውቁም። መለኪያዋ እንግዲህ በአገር ስም ነው፤ እኔ ከዚያ የተሻለ የነዳጅ ጌጅ በየትም አላየሁም።

መኪናዋ ሲሪየስ ሦስት ላንድሮቨር ናት፤ አጭሯ፣ ባለ 2,286 ሲሲ ቤንዚን ሞተር። የተሠራችው አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. ግድም ነው። ዕድሜዋን በመንግሥት ሥራ ጨርሳ በጨረታ ስትሸጥ አጎቴ ገዝተው አዘና አስገቧት። አዘና ማለት ከእንጅባራው ብርድ ወደ ቆላው አየሁ ሙቀት በሚወረድበት አገር ያለች ከተማ ናት። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ቀንም ሌሊትም አይልም። በጋ ሲሆን አቧራው ተራውን ይወስዳል። ለመኪና ጌጅ ከዚህ የከፋ አገር የለም፤ እርጥበቱ በመስታወቱ ውስጥ ገብቶ ላብ ይሠራል፣ አቧራው መጥቶ ላቡ ላይ ይለጠፋል፣ በሚቀጥለው ክረምት ጭቃ ይሆናል።

ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ስትታይ ለገበሬ የታሰበች መኪና ነበረች። የቀድሞዎቹን ያየ ያስታውሳል፤ ጌጆቹ ከመሪው ፊት ሳይሆን መሐል ላይ ነበሩ። በግራ ለሚነዳም በቀኝ ለሚነዳም አገር አንዱ ሰሌዳ እንዲያገለግል ይመቻላ። እኛም ብንሆን እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ የመንገዱን ግራ ይዘን ስንነዳ ኖረን፣ በዚያ ቀን ነው ወደ ቀኝ የተሻገርነው። ሲሪየስ ሦስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስትመጣ ጌጆቹ ከሹፌሩ ፊት ገቡ፣ ዳሽቦርዱም ፕላስቲክ ለበሰ። ስለዚህ በድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ ያየው የነበረውን ጉድ፣ በዚችኛዋ አጎቴ ብቻቸውን ያዩታል። አይተውም ዝም ይላሉ።

አንድ ታኅሣሥ አዘና ስወርድ ያ ጉድ ጠበቀኝ። ሞተሩ ተነስቶ ሞቅ ሲል የነዳጁም የሙቀቱም ቀስት ተያይዘው ከልካቸው በላይ ሽቅብ ይወጣሉ። በጌጆቹ አነጋገር ነዳጁ ሊሞላ ነው፣ ሞተሩ ደግሞ ሊፈላ ነው። ሞተሩ ግን ገና ሞቅ ማለቱ ነው። የነዳጁን ነገር ከጠየቃችሁ የራሰው የቀርከሃዋ ጫፍ ብቻ ነው።

"መቼ ጀመራት?" አልኳቸው።

"ቆየች። እኔስ ሁልጊዜ ሙሉ መሆኗን ወድጄላት ነበር" አሉኝ።

አንድ ጋራዥ ወስደዋት ኖሯል። ባለሙያው የነዳጁን ጋን አውርዶ ተንሳፋፊውን ቀየረ፣ የሙቀት መለኪያውንም ቀየረ፣ ሒሳቡን ተቀበለ። ቀስቶቹ ግን ከሰማይ አልወረዱም። ይህ እኔን የሚያበሽቀኝ የጥገና ዓይነት ነው። ሁለት ጌጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ አቅጣጫ አያብድም። አበዱ ከተባለ ሁለቱ የሚጋሩትን ነገር መፈለግ ነው። በዚች መኪና ደግሞ የሚጋሩት ነገር አለ፤ ከሰሌዳው ጀርባ የተሰካች አንዲት ትንሽ የብረት ሳጥን፣ የቮልት ማረጋጊያ። ባትሪው 12 ቮልት ይስጥ፣ ሞተሩ ተነስቶ 14 ይድረስ፣ እሷ ለሁለቱ ጌጆች በአማካይ 10 ቮልት አድርጋ ታካፍላቸዋለች። ይህን የምትሠራው ገላዋ ከመኪናው ብረት ጋር እስከተነካካ፣ ማሳ እስካገኘች ድረስ ነው። ማሳዋ ዝጎ ከላላ መቆጠቧን ትታ የመጣውን ሁሉ ታሳልፋለች። ያኔ ሁለቱም ጌጆች ሽቅብ ይጋልባሉ።

ካቻቢቴ ይዤ ሰሌዳውን ፈታሁት። ከጀርባው ምን የሌለ አለ! የተርብ ቤት፣ አንድ የ25 ሳንቲም ድቡልቡል፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የጆሮ ጉትቻ። ሽቦዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በወግ በወጋቸው ነበሩ፤ እንግሊዞቹ ለማሳ ጥቁር፣ ከቁልፉ ለሚመጣው ነጭ፣ ለጎንና ለሰሌዳ መብራት ቀይ፣ በቀጥታ ከባትሪ ለሚመጣው ቡኒ ይሰጣሉ። አሁን ግን ቀዩ መንገድ ላይ ተቆርጦ በስልክ ሽቦ ይቀጠላል፣ የስልኩ ሽቦ በናስትሮ ተጠቅልሎ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ ቢጫው ደግሞ የትም አይደርስም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ የሹፌርና የረዳት ታሪክ እዚያ ተቋጥሯል።

ከመብራት ክፍሎቹ አብዛኞቹ የሉካስ ናቸው። የዚህ ኩባንያ መሥራች ጆሴፍ ሉካስ በ19ኛው መቶ ዘመን በበርሚንግሃም ጎዳና በጋሪ ላምባ እያዞረ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። ከላምባው ወደ ፋኖሱ፣ ከፋኖሱ ወደ መኪናው መብራት ተሻገረ። የአሮጌ መኪና ወዳድ እንግሊዞች ግን መብራታቸው እየጠፋ መንገድ ላይ ስለሚያስቀራቸው "የጨለማው ልዑል" ብለው ይቀልዱበታል። እኔ ሉካስን አልፈርድበትም። ሽቦው በስልክ ገመድ ተቀጥሎ፣ በተርብ ተጎራብቶ ይህን ያህል መብራቱ ራሱ ይደንቃል።

ማረጋጊያዋን ነቅዬ፣ የምታርፍበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪነጣ ፈትጌ መለስኳት። ቁልፍ ስንከፍት የሙቀቱ ቀስት ከታች ሳይነቃነቅ ቀረ፣ የነዳጁ ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ሩብ ተጠጋ። አጎቴ ቀርከሃዋን ይዘው ሄደው አረጋገጡ። ከዚያ ጌጁን ጠርጠር አድርገው አዩት፤ ለዓመታት ሲዋሽ የኖረን ምስክር ዛሬ በምን አምነዋለሁ የሚሉ ይመስላሉ።

እዚህ ላይ ቢበቃን ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጥር 23 እየቀረበ ነበር።

ጥር 23 በአዊ ምድር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ የዓድዋ አርበኞችንና የፈረሶቻቸውን ውለታ ለመዘከር። ዓድዋ የካቲት 23 ነው፣ ጊዮርጊስም በየወሩ 23፤ የማኅበሩ ዓመታዊ በዓል ደግሞ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይውላል። ፈረሱ በግላስ ያጌጣል፣ እርካቡና ልጓሙ ያብለጨልጫል፣ ግልቢያው፣ ጉግሱ፣ ሽለላው ሌላ ነው። አጎቴ በጉልምስናቸው ፈረሰኛ ነበሩ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ እንደሳቸው ኮርቻ የተለያቸውን ሽማግሌዎች በላንድሮቨሯ ጭነው መሄድ ሥራቸው ሆነ። "ፈረሱ ሲሸለም ይቺም ትሸለም" አሉ። ስለዚህ ቀሪው ዳሽቦርድ እንዲሠራ ታዘዘ።

የፍጥነት ቆጣሪዋ ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ቁጥሯ 71,406 ላይ ቆሟል። የዚህ ዕቃ አሠራር ቀላልና ውብ ነው፤ ከካምቢዮው የሚመጣ ተሽከርካሪ ገመድ አንዲት ማግኔት ያዞራል፣ ማግኔቷ ሳትነካት አጠገቧ ያለችውን ቀላል የብረት ቆብ ታባብላለች፣ ቆቧ ቀስቱን ይዛ ትዞራለች። በመካከላቸው አየር ብቻ ነው ያለው። ገመዱ ሲደርቅ ቀስቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያንን ያየ ሹፌር ግራሶ ይሞላበታል፤ ግራሶው በገመዱ እየተጠማዘዘ ወጥቶ ቆጣሪው ውስጥ ይገባና ማግኔትና ቆብ ይጣበቃሉ። የኛዋም አሟሟቷ ይኸው ነው፤ ስከፍታት ግራሶው ደርቆ ጠንክሮ ነበር።

አዲስ አበባ ስመለስ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ለማያውቅ፣ ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ ሲኬድ ያለ የመኪና ዕቃ ሰፈር ነው፤ የሞተ መኪና አካል እዚያ ተበልቶ ይሸጣል። "የሲሪየስ ሦስት ቆጣሪ" ስል አንዱ ነጋዴ "ሙዚየም ልትከፍት ነው እንዴ?" አለኝ። ሌላው ግን ወደ ጣሪያው ወጣ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አወረደ፣ አቧራውን እፍ አለ። ንጹሕ ነው፤ ቀስቱ በጣት ሲነካ ሄዶ ይመለሳል። ዋጋው ላይ ተከራከርን፣ ተግባባን። አዘና ደርሰን ስንገጥመው ነው በአጎቴ መነጽር የታየው፤ ቁጥሩ በማይል ነው። ቀስቱ 40 ሲል መኪናዋ በ64 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ማለት ነው። አጎቴ ግን ደስ አላቸው። "በዚህ ዕድሜዬ ቀስ ብሎ የሚያስኬደኝ ጌጅ ነው የሚያስፈልገኝ" አሉ። አሮጌውንም ቁጥር ወደ አዲሱ እናዛውረው ስንላቸው እምቢ፣ ዜሮ እናድርገው ስንላቸውም "ዕድሜ ቀንሱልኝ ብያችኋለሁ?" ብለው ተቆጡ። ቆጣሪው የሌላ መኪና 23 ሺህ ማይል ይዞ ገባ።

የነዳጁ ቀስት ቀለም ረግፎ ስለነበር የአጎቴ ልጅ የጥፍር ቀለሟን ይዛ መጣች። ደማቅ ብርቱካናማ። እጇ ደግሞ ለጋስ ነው፤ ደርባ ቀባችው። በማግስቱ ጋኑ ግማሽ ሆኖ ሳለ ጌጁ ሩብ አለ። የጥፍር ቀለም እንደዚያ ላለ ቀጭን ቀስት ጭነት ነው፤ አጎነበሰው። በቲነር አጥቤ በስሱ መልሼ ቀባሁት። አጎቴ በበኩላቸው ያን ሰሞን ወደ ቀርከሃዋ ተመልሰው ነበር፤ በሩብና በግማሽ መካከል ያለ ጠብ ውስጥ አልገባም አሉ።

ቀሪው መብራቱ ነው። የሰሌዳው አምፖሎች ሁለት ዋት ገደማ የሆኑ፣ ቢጫና ደብዛዛ ናቸው። እኔ ያንን ቢጫነት እወደዋለሁ፤ ማታ ዓይን አይወጋም፣ መንገዱንም አይሸፍንም። ግን የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ ባጃጅ ነጂ ነው። የባጃጁን ውስጥ ያየ ሰው የዚህን ልጅ የመብራት ጣዕም ይረዳል፤ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ እንደ ልብ ምት የሚርገበገብ ቀይ። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ቢጫዎቹን አምፖሎች በሙሉ ነቅሎ በኤልኢዲ ተክቷቸው ጠበቀኝ። ሰሌዳው ሰማያዊ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ እየመጡ አይተው "እሰይ! አሁን መኪና መሰለች" ብለው መርቀውታል። እኔ ጣዕሙን ተቃወምኩ፤ ሰሚ አላገኘሁም። ልጁ ግን አንድ ደግ ነገር ሠርቶ ነበር፤ የነቀላቸውን አምፖሎች በወረቀት ጠቅልሎ የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ አስቀምጧቸዋል።

ጥር 23 ንጋት ላይ ተነሳን። መኪናዋ ጥሩ ተነሳች፣ ሞተሯ ጥሩ ሄደ፣ ሰሌዳው ላይ አንድም ቀይ አልነበረም። እንጅባራ ስንደርስ አገሩ በፈረስ ተሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ከመኪናው ወርደው ከፈረሰኛው መካከል ሲገቡ የጉልበታቸው ሕመም የት እንደገባ አላውቅም። አንደኛው የሰው ፈረስ ተበድረው ወጡ፤ ለማውረድ ነው የተቸገርነው።

መመለሻችን ላይ መሸ። የፊት መብራት አበራን። ሰማያዊው ሰሌዳም ደመቀ። ትንሽ እንደሄድን የፊቱ መብራት ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ክላክስ ሲነካ ድምፁ ተዋጠ፣ በመጨረሻም ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ቆመ። የቤንዚን ሞተር ነዋ፤ ናፍጣ ቢሆን በጨለማም ይሄድ ነበር፣ ይቺ ግን ለብልጭታዋ ኤሌክትሪክ ትፈልጋለች። ሽማግሌዎቹ ወርደው ጋቢያቸውን ታጥቀው ገፉ። ቁልቁለት ላይ ተነሳች፣ ጥቂት ሄደች፣ ሞተች። እንደገና ገፉ። "ፈረስ ቢሆን እኮ" አሉ አንዱ፣ ዐረፍተ ነገሩን ለመጨረስ ትንፋሽ አጥሯቸው።

ከሰል የጫነ አይሱዙ ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው። ወርዶ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነስቶ፣ "አባቶቼ ዐረፍ በሉ" ብሎ ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስገባና ሰማያዊውን ሰሌዳ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ቁልፍ ስትከፍቱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀዩ ይበራ ነበር?" አለ።

ማንም አልመለሰም። ባጃጅ ነጂው ወደ እግሩ ተመለከተ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁላችንም ዲናሞ የምንለው ኦልተርኔተር እንዲሁ ስለዞረ ብቻ ኤሌክትሪክ አይሰጥም። ሥራውን ለመጀመር በውስጡ ያለው መጠምጠሚያ ትንሽ ጅረት ከውጭ መቅመስ አለበት። በዚች መኪና ያ ጅረት የሚሄደው በቀዩ የቻርጅ ማስጠንቀቂያ አምፖል በኩል ነው። ቁልፍ ሲከፈት ቀዩ የሚበራው ለዚህ ነው፤ ጅረቱ በእሱ አልፎ ዲናሞውን ይቀሰቅሳል፣ ዲናሞው ከተነሳ በኋላ መብራቱ ይጠፋል። ኤልኢዲ ደግሞ ጅረት የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የሚያሳልፈውም እጅግ ጥቂት ነው። ልጁ ቀዩን ገልብጦ ሰክቶታል። ስለዚህ ከመጀመሪያውም አልበራም፣ ዲናሞውም አልነቃም። እኛ ቀይ ስላላየን ሁሉ ሰላም መስሎን፣ ቀኑን ሙሉ በባትሪ ብቻ ስንሄድ ዋልን። የፊት መብራቶቹ ብቻቸውን መቶ ዋት ገደማ ይበላሉ፤ አሮጌ ባትሪ ይህን ስንት ይችላል?

የመተርኮሻው ወረቀት ተከፈተ። ሹፌሩ አንዱን ቢጫ አምፖል በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ በባትሪ መብራት አየው፣ ሽቦው አልተቆረጠም። የቀዩን ኤልኢዲ ነቅሎ አምፖሉን በቦታው ሰካው። አይሱዙ 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባትሪ አለው፤ ከሁለቱ ካንደኛው ብቻ በገመድ 12 ቮልት ሰጠን። ቁልፍ ተከፈተ፤ ከሰማያዊው መሐል አንዲት ቀይ ነጥብ በራች። ሞተሩ ተነሳ፣ አጎቴ ጋዝ ረገጡ፣ ቀይዋ ጠፋች፣ የፊት መብራቱ ነጣ። ሽማግሌዎቹ ለሹፌሩ ቆመው መረቁት፤ ምርቃቱ ከጥገናው ረዘመ። ገንዘብ ስንሰጠው እምቢ አለና "ይልቅ ይህን ሰማያዊ ነገር አንሱላቸው፤ ዓይናቸው ነው" ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ከእኔ ጋር የሚስማማ ሰው በዚያ ሌሊት፣ በከሰል አይሱዙ ነው የመጣልኝ። ግን አልተነሳም። በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ፤ ቀዩ ብቻ አምፖል ሆኖ ቀረ፣ ሌላው እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አጎቴ ዘንድ ጠያቂ ይመጣል። ያለፈው የመጣው ሰው አሮጌ መኪና የሚሰበስብ፣ ነገር አዋቂ ነው። ቀለሟን አላየም፤ በቀጥታ ከሰሌዳው ፊት ተቀመጠ። ደስ አለኝ። ቁልፍ ከፈተ፣ ቀዩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። የነዳጁን ጌጅ አየ፣ ወርዶም ቀርከሃዋን ጠይቆ አስተያየ።

"ስንት ሄዳለች፣ ጋሼ?" አላቸው።

"በየትኛዋ ነው የምትጠይቀኝ? አሮጌዋ ሰባ አንድ ሺህ ላይ ደርግ ሳይወድቅ ነው የቆመች። ይቺኛዋ ደግሞ የሌላ መኪና ማይል ነው የምትቆጥረው። ከዚያ መሐል ያለውን እኔ ነኝ የማውቀው።"

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ሒሳብ ሊሠራ ሞከረ፣ ተወው። ዋጋ ተነጋገሩ፣ ተቃረቡ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ መብራቱን አበራና ፊቱ በራ።

"አንድ ነገር ብቻ" አለ፤ "ይህን ሰማያዊ መብራት እንዳታወልቁት። ከነሱ ነው የምወስዳት።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ዋጋው ላይ ጨመሩበት።